ሞቃቱ ወለል ላይ የከረሙ ባትሪዎች

ራግና ብሮተን ባትሪ የምታየው ሐኪም በሽተኛውን በሚያይበት ዓይን ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። ሐኪም ያዝናል፤ ራግና አታዝንም። ያበጠ ባትሪ እጇ ከገባ ባለቤቱ ቢለማመጥ፣ "ገና ባለፈው በጋ የገዛሁት ነው" ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ለእሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጫፉን በቴፕ ትጠቀልላለች፣ አሸዋ ያለበት የብረት ሣጥን ውስጥ ትቀብረዋለች፣ "ነፍስ ይማር" ትላለች፣ አለቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነበረች። በሰሜኑ ብርድ አገር፣ ሃማር ከምትባለው ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ ውስጥ ያልወጣችበት ምሰሶ የለም። መጀመሪያ ወንዶቹ ሳቁባት፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፣ በመጨረሻ "ራግና ያላየችውን ሽቦ አልነካም" ማለት ጀመሩ። ከዚያ ሥራ ይዛ የወጣችው የታመመ ጉልበትና አንድ እምነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ተንኮል አያውቅም፣ የሚዘናጋው ሰው ነው ትላለች። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ስለምትለው ልብ አውልቅ የሚሏትም አልጠፉም።

ጡረታ በወጣች በወሩ ሐይቁ ዳር ባለው የሞዴል አውሮፕላን ክበብ ተመዘገበች፤ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ከመሬት ሆነው በሪሞት የሚያበሩበት ነው። ማብረር ያስተማራት የክበቡ መሥራች ሃልቮር ስሌተን ነው። በመጀመሪያው በጋ ሦስት አውሮፕላን እያከታተለች አንድ የበርች ዛፍ ላይ ከሰከሰች። ሌላው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ሃልቮር ዛፉን ከእግሩ እስከ ራሱ ገላመጠና "ጥፋቱ የሱ ነው፤ ስትመጪ እያየ አልተነሣልሽም" አላት። ራግና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃልቮርን ትወደዋለች። ወንድም የላትም፤ ቢኖራት እንደ ሃልቮር እንዲሆን ነበር የምትፈልገው። በዚያ አገር ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላውንም ሰው ሁሉም "አንተ" ነው የሚለው፣ አንቱታ ለንጉሡ ብቻ ነው የቀረው፤ ስለዚህ እኔም ብዙ አልጨነቅም።

የክበቡ ሰዎች ባትሪ እንድትጠብቅላቸው የሾሟት ወድደው አይደለም። እሷ ስትመጣ ባትሪው በየመሳቢያው፣ በየመኪናው ወንበር ሥር፣ አንዱማ ከምሳ ዕቃው ጋር ነበር የሚያስቀምጠው። ራግና ከክበቡ ጎጆ ራቅ አድርጋ ሲሚንቶ ላይ የብረት ቁም ሣጥን አቆመች። ከበረራ በኋላ ማንም ባትሪውን ሞልቶ ወይ ባዶ አድርጎ አይሄድም፤ በባትሪው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ሦስት ነጥብ ስምንት ቮልት ላይ፣ ማለት ወደ ግማሽ ገደማ ሆኖ ይተኛል። ማንም ቻርጀር ላይ ሰክቶ ዞር አይልም፣ ሽንት ቢይዘው እንኳ። "ልጅ ገንዳ ውስጥ ትተህ ትሄዳለህ?" ትላለች። ያጉረመርማሉ፤ ግን ያደርጉታል።

ለመሆኑ ባትሪ ወለል ላይ ማሳደር የመጣው ከየት ነው? ከብርዱ ነው። እዚያ ክረምት አውሮፕላኑ በጎማ ፋንታ ስኪ የሚሉት ትንንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ተገጥሞለት በረዶ ከሠራው ሐይቅ ላይ ይነሣል። የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ አውሮፕላኑን ግማሽ መንገድ ያደርስና "እኔ ደከመኝ" ይላል። ስለዚህ የዚያ አገር በራሪዎች ባትሪያቸውን በብብታቸው ይይዛሉ፣ ካፖርት ውስጥ ይሸጉጣሉ፣ ብልጥ ነኝ የሚለው ደግሞ ከበረራው በፊት ባለው ሌሊት መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያሳድረዋል። መታጠቢያ ቤት ሁሉ ከወለሉ ሥር የሚያሞቅ ሽቦ አለው፤ ሰዎቹም ካልሲያቸውን፣ ጓንታቸውን፣ ባርኔጣቸውን እዚያ ነው የሚያደርቁት። ራግና አንዷን ሌሊትም ቢሆን አትወድም፤ ግን አንድ ሌሊት ሰው አልገደለም ብላ ታልፈዋለች።

በዚያ ዓመት የበረዶ ላይ በረራው ለመጋቢት ሦስተኛ ቅዳሜ ተቀጥሮ ነበር። ዓርብ ሁሉም ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞላ። ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ወረደ፣ የሐይቁ በረዶ ጠቁሮ መሳሳት ጀመረ፣ በረራው "ለሚቀጥለው ሳምንት" ተባለ። ራግና ያን ቀን ለሁሉም በስልክ መልእክት ላከች፤ "ባትሪያችሁን ዛሬውኑ ወደ ግማሽ አውርዱ።" ሁሉም የአውራ ጣት ምልክት መለሰ። ሃልቮርም አውራ ጣቱን ላከ። ያ አውራ ጣት ውሸቱን ነበር።

የሚቀጥለው ሳምንትም ዘነበ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ፋሲካ አለፈ። በሚያዝያ መገባደጃ በአንድ እሑድ ክበቡ እንደየዓመቱ ደቦ ጠራ፤ ሜዳው ይጠረጋል፣ ጎጆው ይቀባል፣ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ በቡናማ አይብ ይበላል፣ የክረምቱም ባትሪ ራግና ፊት ይቀርባል። ራግና ጠረጴዛ ላይ የአሮጌ መስኮት መስተዋት አጋድማለች። ባትሪውን መስተዋቱ ላይ ታስተኛውና በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። ጤነኛ ከሆነ ሆዱ ዝርግ ስለሆነ ትንሽ ተንሸራቶ ይቆማል፤ ካበጠ እንደ እንዝርት ይሾራል። በዚህ የተነሣ ሃልቮር "አዋላጇ" የሚል ስም አውጥቶላታል።

የሃልቮር ተራ ደረሰ። አራት ባትሪ ዘረገፈ። አራቱም ደህና ነበሩ።

"አራት?" አለች ራግና።

"አራት።"

"ሃልቮር፣ አንተ አሥራ ሰባት ባትሪ ነው ያለህ።"

"ሌሎቹ ቤት ናቸው። እያረፉ ነው።"

"ምን ሠርተው ነው የሚያርፉት? ክረምቱን ሙሉ አልበረሩ!"

"ኧረ ይቺ አዋላጅ ዛሬ ምጥ አማራት!" አለ ሃልቮር ለተሰበሰበው ሰው። ሰው ሳቀ። ራግናም ሳቀች፤ ግን ቀልቧ አልወደደውም። ሃልቮር ሲቀልድ ዓይን ዓይን እያየ ነው የሚቀልደው፤ አሁን ግን ያየው ዋፍሉን ነበር።

ሊበሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሃልቮር የሱፍ ባርኔጣውን አውልቆ በመካከላቸው አስቀመጠ። ያን ጊዜ ሸተታት፤ ጣፋጭ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ። ራግና ጥፍሯን ቀብታ አታውቅም፤ ሽታውን የምታውቀው ከሌላ ቦታ ነው። ያበጠ ባትሪ ልባሱ ሲላላ የሚተነፍሰው እንደዚያ ነው።

"ባርኔጣህን የት ነው የምታደርቀው?" አለችው ቀስ ብላ።

"የት አደርቃለሁ? እንደ ሰው ሁሉ መታጠቢያ ቤት ወለል ላ..." ሃልቮር አፉን ዘጋ። የነከሰውን ዋፍል ማኘክም ተወ።

"ተነሥ፣ እንሂድ።"

"ዋፍሌን ልጨርስ እንጂ።"

"መኪና ውስጥ ትጨርሰዋለህ።"

መኪና ውስጥ አልጨረሰውም። ዋፍሉን በወረቀት እንደያዘ መንገዱን እያየ ተናገረ። "ወደ ግማሽ ላወርዳቸው አስቤ ነበር፤ ቻርጀሩንም አውጥቼ ነበር። ከዚያ እነሱን ካወረድኩ ክረምቱ አለቀ ማለት ነው አልኩ። በእኔ ዕድሜ ስንት ክረምት ይቀራል ብለሽ ነው? ነገ ይበርዳል፣ ነገ ይበርዳል ስል ማበጥ ጀመሩ። ካበጡ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። መሥራቹ ነኝ እኮ።"

"ስታፍር ልትደውልልኝ ትችል ነበር።"

"ቱሪድስ?"

ቱሪድ ሴት ልጁ ናት፤ ሃማር የምትኖር የጥርስ ሐኪም፣ አፍ ሳይከፈት የታመመውን የምታውቅ። በኅዳር ሃልቮር ምድጃ ላይ ድስት ረስቶ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ጎረቤት ነው ያጠፋለት። ያኔ ቱሪድ በአራት ቃል ቆረጠችው፤ "አንድ እሳት ከደገምክ ትወጣለህ።" የምትወስደው ለአረጋውያን ወደተሠራው ሕንፃ ነው። ሕንፃው ጥሩ ነው፤ ሞቃት ነው፣ ነርስ አለው። የእንጨት ሽታ ግን የለውም፣ መሥሪያ ክፍል የለውም፣ ሐይቁም ከመስኮቱ አይታይም። ሃልቮር ያን ቤት በሃያ ስድስት ዓመቱ በገዛ እጁ ነው የሠራው።

"ይሄን ከሰማች አለቀልኝ፣ ራግና። እባክሽ ሆድ ይፍጀው በዪ።"

"በሩን ሳልከፍት ምንም አልልም" አለች ራግና። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይሄን ደግሞ አንተ ራስህ ለስንት ሰው ብለሃል።"

እንዲህ ትበል እንጂ መሪውን እንደያዘች በልቧ ውሸት ታዘጋጅ ነበር። ቱሪድ ብትጠይቅ "አንዲት ትንሽ ባትሪ ናት፣ ምንም አልሆነም" ልትል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ አንዲት የተበላሸች ሽቦ ደህና ናት ብላ ፈርማ አታውቅም፤ ለሃልቮር ግን ልትፈርም ነበር። ይህን ከዓመታት በኋላ ራሷ ናት ያወራችው፣ እየተናደደች።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት ሽታው ፊቷን መታት። አሥራ ሦስት ባትሪ በታጠፈ ፎጣ ላይ ተደርድሮ ተኝቷል፤ ከጎኑ ጓንትና ካልሲ ተሰጥቷል። ሦስቱ አብጠዋል። አንደኛው ትራስ አክሎ ጎረቤቱን ከፎጣው ላይ ገፍቶ አውጥቶታል።

"አምስት ሳምንት ሙሉ ገላህን የታጠብከው እንዴት ነው?"

"እየተራመድኳቸው" አለ ሃልቮር።

ራግና አልሳቀችም። መስኮቱን በረገደች፣ የወለሉን ማሞቂያ አጠፋች፣ ከጤነኞቹ አንዱን ለካች። በሴል አራት ነጥብ አንድ ሰባት ቮልት፤ ሙሉው አራት ነጥብ ሁለት ነው። እንደተሞሉ፣ ሳይበርሩ፣ በሙቀት ላይ አምስት ሳምንት። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ክፍል ልታይ አንገቷን አሰገገች። የሃልቮር አልጋ ነው። ግድግዳው ደግሞ ደረቅ የጥድ ጣውላ ነው።

"ውጣ" አለችው።

"ቤቴ ነው እኮ!"

"ቤትህ ሆኖ እንዲቆይ ነው ውጣ የምልህ። በሩ ላይ በረዶ ላይ የምትበትነው የመንገድ አሸዋ አለህ አይደል? የዚንክ ባልዲህን አጋምሰውና ግቢው መሃል አስቀምጥልኝ፤ ከቤቱም ከመኪናውም አርቅ። የበረዶ አካፋህን አቀብለኝ። የአበባ ማስቀመጫ ሸክላ ሳህንም ፈልግ።"

ሃልቮር ሲታዘዝ ዕድሜው የቀነሰ መሰለ። ራግና ሸክላውን አካፋው ላይ አደረገች፤ ባዶ ብረት ከባትሪ ጋር እንዲነካካ አትፈልግም። ትራስ ያከለውን በፎጣው ጫፍ ሳትጫነው፣ ሳታጣምመው ወደ ሳህኑ አንሸራተተችው። እንዲህ ያለውን ባትሪ መውጋት፣ "አየሩን ላስወጣለት" ማለት፣ እንደገና ቻርጀር ላይ መሰካት የሞኝ ሥራ ነው፤ ያን ያደረገ ሰው ቅንድቡ የት እንደሄደ ሲፈልግ ይኖራል። የአካፋውን ረጅም እጀታ ይዛ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ፣ በረንዳውን አልፋ ግቢ ወጣች። ባትሪውን ባልዲው ውስጥ አስገብታ አሸዋ አለበሰችው። ለሁለተኛው ልትመለስ ዘወር ስትል ባልዲው አፏጨ።

"ወደ ኋላ! ነፋሱን በጀርባህ አድርግ!"

መጀመሪያ ነጭ ጭስ ተትጎለጎለ። ከዚያ ነበልባሉ አሸዋውን ሰንጥቆ ወገብ አክሎ ወጣ። እየተፋ፣ እየተንጣጣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነደደ፤ ከዚያ ወደቀ፣ እንደገና ትንሽ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። ባልዲው በጎኑ ጠቁሮ ቀለሙ ተላጠ። ግቢው ላይ እርጥብ ጠጠር እንጂ የሚቃጠል ነገር ስላልነበረ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ሃልቮር ባልዲውን አየ፣ ቤቱን አየ። "ከራስጌዬ እዚያ ወለል ድረስ ሁለት ክንድ አይሞላም" አለ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ስልኩን አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልጄ ጋ ልደውል።"

ራግና በልቧ ያዘጋጀችውን ውሸት ያን ጊዜ አሸዋው ውስጥ ቀበረችው።

"ቱሪድ፣ አባትሽ ነኝ። ደህና ነኝ። ስሚ፣ ባትሪ ተቃጠለ... አይ፣ ውጭ ነው። ግን እስከ አሁን ድረስ መታጠቢያ ቤቴ ነበረ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ። ደብቄሽ ነው... አይ፣ ማንም አልተናገረብኝም። እኔው ነኝ የምነግርሽ።"

ቱሪድ እስክትደርስ ራግና ሁለቱን ያበጡ አወጣች፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ አሸዋ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ገቡ። አሥሩን ደግሞ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ደረደረቻቸው፣ የመኪና አምፖል እየሰካች ተራ በተራ ወደ ግማሽ ልታወርዳቸው። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ አልተነሣችም።

ቱሪድ ሰላም ሳትል ባልዲውን አየችው። ገባች። መታጠቢያ ቤቱን አየችው። ወጣች።

"ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ" አለች። "ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሸቶኛል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?" አለ ሃልቮር።

"ሴት ይዘሃል ብዬ ነዋ! የጥፍር ቀለሟ ነው ብዬ! እንዳላሳፍርህ ነው።"

"በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ?"

"ምን ላድርግ፣ ባርኔጣህ ሳይቀር ይሸት ነበር!"

ራግና ልትይዘው ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። ሃልቮርም ሳቀ። ቱሪድ ሳቋን ስትጀምር አለቀሰች፣ እንባዋንም አልጠረገችውም። "አባዬ፣ ከግድግዳው ወዲያ ተኝተህ ነበር እኮ" አለች። ስትሄድ መኪናዋ በር ላይ ቆማ "ስለ ቤቱ ዛሬ አልናገርም፣ ተናድጃለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ" አለች።

ሰኞ ራግናና ሃልቮር ያበጡትንና የተቃጠለውን ይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ሄዱ። አስቀድማ ደውላ እንዴት አድርጋ እንደምታመጣ ጠይቃለች፤ ጫፋቸው በቴፕ ተጠቅልሎ፣ ቆርቆሯቸው በአሸዋ ተሞልቶ፣ መኪናው ውስጥ ሳይሆን ኋላ በሚጎተተው ጋሪ ላይ። ተቀባዩ ሰውዬ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ "የማን ናቸው?" አለ፤ ራግና አፏን ስትከፍት ሃልቮር ቀደማት፣ "የእኔ" አለ። ጤነኞቹ አሥሩ ክበቡ ቁም ሣጥን ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሃልቮር ባትሪ ከቤቱ አያድርም፤ ይህን የወሰነው ራሱ ነው።

ሳምንቱ ግን ለሃልቮር አልገፋ አለው። ማክሰኞ መሥሪያ ክፍሉን ጠረገ፣ ረቡዕ ደግሞ ጠረገው። ሐሙስ ለራግና ደውሎ "ብወጣ መፍቻዎቹን አንቺ ውሰጂ" አላት። ራግና "የራሴ መፍቻ አለኝ" ብላ ዘጋችበት። ቅዳሜ በጠዋት፣ ማንም ሳይጠራት፣ ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች።

ቱሪድ ትልቅ ቦርሳ ይዛ ገባች። ሃልቮር ቦርሳውን እንጂ እሷን አላየም፤ የሕንፃው ወረቀት እዚያ ውስጥ እንደሆነ አልተጠራጠረም። ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ አልከፈተችውም።

"በኅዳር ድስቱን የሰማሁት ከጎረቤት ነው" አለች። "አንተ ስጠይቅህ 'የምን ድስት?' ነው ያልከኝ። ያን ያህል ያስፈራኝ ድስቱ አልነበረም። አባቴ ቢሞትም አይነግረኝም ብዬ ነው የፈራሁት።"

ሃልቮር ቦርሳውን ትቶ እሷን አያት።

"እሑድ ግን ደወልክልኝ።"

ቦርሳውን ከፈተች። አራት የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወልና መሰርሰሪያ አወጣች፤ የሕንፃው ወረቀት የሚባል አልነበረበትም። ከዚያ መሥሪያ ክፍል ገብታ መሰላል እየጎተተች መጣችና ከመኝታ ቤቱ በር ፊት ዘረጋችው። ራግና ልትይዝላት ተነሣች።

"አንቺ ተቀመጪ" አለች ቱሪድ፣ የመጀመሪያውን መርገጫ እየረገጠች። "አባዬ፣ ና መሰላሉን ያዝልኝ።"

ሃልቮር መጣ። በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘላት። ልጁ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች አላየችም።